የከሰላ ደረቅ ወንዝና የእንጨቱ ዓሣ

ወንዝ አለ ቢሉኝ መንጠቆ ይዤ ሄጄ አሸዋ ላይ ቆምሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. በገዳሪፍ በሰሊጥ ንግድ የተሰማራውን ወንድሜን ለመጠየቅ በመተማ በኩል ተሻገርሁ። ጥየቃዬን ከፈጸምሁ በኋላ ‹‹እዚህ ድረስ መጥቼ ከሰላን ሳላይ አልመለስም›› ብዬ ወደ ሰሜን በሚያመራ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። በጓዜ ውስጥ ከጋቢዬና ከቅያሪ ልብሴ ሌላ የነበረው በጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ የናይሎን ክርና አምስት መንጠቆ ነው። ጋሽ የሚባል ወንዝ ከተማይቱን ከሁለት ከፍሎ ያልፋል ሲሉ ሰምቼ ነበርና። አልዋሹኝም፤ በእርግጥ ይከፍላታል። ነገር ግን በኅዳር ወር ከድልድዩ ሥር ያለው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆችም ኳስ ይራገጡበታል። ጠርሙሴን በጋቢዬ ሸፍኜ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተራራውን የምመለከት መስዬ ቆየሁ።

ጋሽ የእኛው መረብ ነው። ከኤርትራ ደጋ ተነሥቶ፣ የሁለቱን አገሮች ወሰን ጥቂት ተከትሎ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ስሙን ይለውጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ አዝሎ እያገሣ ይመጣል፤ ቤት እስከ ማፍረስም ይደርሳል። መስከረም ሲጠባ ጉልበቱ ይደክማል፤ ከከተማው በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ላይ ተበትኖ በዚያው ይሰርጋል እንጂ እንደ ሌሎቹ ወደ ዓባይ አይገባም። ሆኖም የከሰላ ሙዝ፣ ብርቱካንና ሽንኩርት የሚበቅለው ይህ ወንዝ ባስቀመጠው ደለልና ከአሸዋው ሥር በሚቀዳው ውሃ ነውና፣ ደረቀ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ስለ ከሰላ ለሠራዊት አንባቢ የሚነገር ብዙ ታሪክ አለ። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከድርቡሽ ጦር ጋር የተዋጉት፣ በከሰላ ተከብቦ የነበረውን የግብፅ ጦር ለመርዳት ከተገባው ውል በመነጨ ዘመቻ ነው፤ ይሁን እንጂ እርዳታው ሳይደርስ ከተማይቱ ወድቃ ነበር። ጣሊያኖችም ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ያዟት፤ እንግሊዞች በጥምቀት ዕለት ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. መልሰው ገቡባት፤ በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ በስተ ደቡብ እጅግ ርቆ በሚገኘው በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን አፈር ረገጡ። ይህን ሁሉ በዝርዝር መጻፍ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። እኔ የሄድሁት ዓሣ ፍለጋ ነውና።

ከከተማው በስተ ምሥራቅ የታካ ተራሮች ከሜዳው ላይ ድንገት ብድግ ብለው ቆመዋል። እንደ ተገለበጠ ቅል ለስላሳ የሆኑ የድንጋይ ራሶች ናቸው። ከግርጌያቸው ቶቲል የሚባል ምንጭና ብዙ ቡና ቤት አለ። የአገሩ ሰው ቡናውን እንደ እኛው በጀበና አፍልቶ፣ ዝንጅብል ጨምሮ፣ ስኳሩን አብዝቶ ይጠጣል። በዚያ ቡና የምታፈላው ከጎንደር የመጣች እኅት ሆና አገኘኋትና ደስ አለኝ። እርሷ ግን ዓይኗ በጋቢዬ ሥር ወዳለው ጠርሙስ ሄደ።

‹‹ጋሼ፣ ያ ምንድን ነው? ሐኪም ያዘዘልዎ መድኃኒት ነው እንዴ?››

‹‹የዓሣ ክር ነው፣ እኅቴ።››

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ‹‹ዓሣውንማ አልፈውት መጡ እኮ! ኸሽም አል-ግርባ ላይ ወርደው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በልተው ያድሩ ነበር።››

በማግስቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። ኸሽም አል-ግርባ ማለት በዐረብኛ የውሃ አቁማዳ አፍ ማለት ሲሆን፣ በአትባራ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀ ግድብ ያለበት ቦታ ነው። አትባራም ባዕድ ወንዝ አይደለም፤ ከጭልጋ በኩል የሚወርደው ጓንግ፣ ከጎንደር በስተ ሰሜን የሚነሣው አንገረብ፣ በመጨረሻም ከላስታ የሚመጣውና በጠረፉ አጠራር ሰቲት የሚባለው ተከዜ ተገናኝተው የሚሠሩት ነው። የግድቡ ውሃ የተፈለገው የአስዋን ታላቅ ግድብ አገራቸውን ላሰጠመባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑቢያውያን የእርሻ መሬት ለማጠጣት ነበር። በዚያው በ1964 ወደ 50,000 የሚሆኑ ሰዎች ከዓባይ ዳር ተነሥተው በባቡር ወደዚህ ሜዳ መጡ። የተሰጧቸው መንደሮች የሚጠሩት በቁጥር ነው።

የእንጨቱን ዓሣ ያሳዩኝ ሰው ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ስማቸውን ባልጠራው ይሻላል፤ ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ወደዚህ ሲመጡ 15 ዓመታቸው ነበር። በግድቡ ዳር በአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ በእግሮቻቸው መካከል አንድ የእንጨት ቁራጭ ይዘው ይልጉ ነበር። በጠረፍ በተማርሁት የተሰባበረ ዐረብኛ ሰላምታ ሰጥቼ መንጠቆዎቼን አሳየኋቸው። አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና ‹‹መንጠቆህ ጥሩ ነው፤ ምን ልትሰቅልበት ነው?›› አሉኝ። ሥጋ ወይም ትል እንደሆነ ነገርኋቸው። ‹‹ትልቁ ዓሣ ትል አይበላም፣ ልጄ። ትልቁ ዓሣ ዓሣ ነው የሚበላው›› ብለው የያዙትን እንጨት ወደ እኔ አዞሩት። ገና ቀለም ያልነካው፣ ዓይን ያልወጣለት የጣት ርዝመት ዓሣ ነበር።

ጥበቡን ማንም አላስተማራቸውም። ግድቡ በየዓመቱ በክረምት በሮቹ ተከፍተው ደለሉ ይጠረጋል፤ ውሃው በጎደለበት በአንዱ ዓመት በጭቃው ውስጥ በዛፍ ሥር የተጠለፈ፣ ግማሽ ቀለሙ የተላጠ የፈረንጅ የእንጨት ዓሣ አገኙ። ማን እንደጣለው አይታወቅም። ወደ ቤት ወስደው በገበታ ውሃ ላይ አንሳፈው ስንት ቀን እንዳዩት ሲነግሩኝ ሳቁ። ባለቤታቸው ‹‹እንጨት እያጠብህ ነው?›› ይሏቸው ነበር አሉ።

የፈረንጁም ጅማሬ ከዚህ የራቀ አይደለም። ላውሪ ራፓላ የተባለ ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መካከል የቆሰለውን፣ ወደ ጎን እየተወላገደ የሚዋኘውን ለይተው እንደሚያጠቁ በሐይቅ ላይ ሲሠራ ያስተውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በጫማ ሰፊ ቢላዋ ከቡሽ ዓሣ ቀርጾ፣ በቸኮላት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት አለበሰው፤ ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። አንድ የአሜሪካ መጽሔት በ1962 ስለዚያ የእንጨት ዓሣ ከጻፈ በኋላ የቤተሰቡ ሥራ የዓለም ንግድ ሆነ። ሐጂ ስለ ራፓላ ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ቃል በቃል ያሉኝ ይህን ነው፦ ‹‹ዓሣ ጤነኛውን አያሳድድም፤ ድካም ነው። የሚንገዳገደውን ነው የሚያሳድድ።››

አሠራሩን በዝርዝር ልጻፈው፤ በጠረፍ ሰፈር የሚገኝ ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነውና። እንጨቱ ቀላል መሆን አለበት። ሐጂ የሚጠቀሙት ዐረቦች ዑሸር፣ የእኛ ሰዎች ጦቢያ የሚሉትን፣ ሰፋፊ ግራጫ ቅጠል ያለውንና ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ቁጥቋጦ ነው። በከሰላና በገዳሪፍ ሜዳ ሁሉ በቅሎ ይታያል፤ ፍየል እንኳ አትደፍረውም። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ ስለዚህ ግንዱ ተቆርጦ ሳምንታት በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ብቻ ይጠረባል። በደጋ ላሉት ቆርች ይበቃቸዋል፤ ዋንዛም ለመቅረጽ ይመቻል፣ ግን ትንሽ ይከብዳል። የግራርን እንጨት ተዉት፤ ይሰጥማል።

ቁራጩ አንድ ስንዝር ያልሞላ፣ ውፍረቱም ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ጀርባው ሞላ ብሎ፣ ወደ ጭራው እየቀጠነ ይሄዳል። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ጎን ከወፈረ ዓሣው ሁልጊዜ ወደዚያው ይዞራል። ከዚያ በሆዱ በኩል ከራስ እስከ ጭራ በቀጭን መጋዝ ይሰነጠቅና አንድ የማይዝግ ሽቦ ይገባበታል። ሐጂ የሚጠቀሙት የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ሽቦው በአፍንጫው፣ በሆዱና በጭራው በኩል ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ከፊት ያለው ቀለበት ክሩን፣ የሆዱና የጭራው መንጠቆዎቹን ይይዛሉ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ይሰንፋል፤ ሽቦውን ትቶ በቁርጥራጭ ሚስማር ቀለበት ይሠራል። ከተከዜና ከአትባራ ነጭ ዓሣ ጋር ግን ይህ አያዋጣም። ሱዳኖች ዒጅል የሚሉት ይህ ዓሣ ካደገ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ልጁ እንኳ ሚስማሩን ከነእንጨቱ ይነቅለዋል።

ቀጥሎ ምላሱ ነው። ከቲማቲም ቆርቆሮ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ተቆርጦ በአገጩ ሥር ወደ ፊትና ወደ ታች ዘንበል ተደርጎ ይሰካል። የእንጨቱ ሕይወት ያለው በዚህች ቆርቆሮ ነው። ክሩ ሲሳብ ውሃው ምላሱን ገፍቶ ራሱን ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ በሆዱ የተቀበረው ክብደት ደግሞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ዓሣው እንደ ቆሰለ ይንገዳገዳል። ለክብደቱ የብሎን ቁራጭ ወይም ሁለት ወፍራም ሚስማር ይበቃል። እርሳስ የምታቀልጡ ካላችሁ በማድ ቤትና በሕፃናት አጠገብ አታድርጉት፤ ጢሱ መርዝ ነው። ከጥይት እርሳስ ለማውጣት የሚያስብ ወታደር ካለም ይህን ዓምድ አጥፎ ወደ ግምጃ ቤት ኃላፊው ይሂድ፤ ስለ ጣቶቹ ዋጋ ያስረዳዋል።

ስንጥቁ በሙጫና በእንጨት ዱቄት ይደፈናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ሦስት ጊዜ ቀለም ይቀባል፤ በየመካከሉም አንድ ቀን ይደርቃል። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ይላል። ለጎኑ ሐጂ የሻይ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ይለጥፉበታል። በመጨረሻም በሳፋ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ካለ ተሳክቷል፤ በጎኑ ከተኛ ክብደቱ ቦታውን ስቷል። ሲጎተት ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ የአፍንጫው ቀለበት በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነም ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለመማር እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ጊዜም አለው። በክረምት አትባራም ሰቲትም ቡና አተላ መስለው ነው የሚወርዱት፤ በዚያ ውሃ ውስጥ የእንጨት ዓሣ ማንም አያየውም። ውሃው መጥራት የሚጀምረው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ከቀኑም ምሽት ይሻላል፤ የነጭ ዓሣ ዓይን በጨለማ እንደ ድመት ዓይን ያበራልና በድንግዝግዝ ከሚያድነው ትንሽ ዓሣ በተሻለ ያያል። ነገር ግን ምሽት የአዞም ሰዓት ነው። ሐጂ ከውሃው ጠርዝ ብዙ እርምጃ ርቀው ይቆማሉ፤ ትናንት በቆሙበትም ዛሬ አይቆሙም።

በዚያ ምሽት የሰጡኝን የመጀመሪያ እንጨት ካስ የሚባለው ጥርሰ መርፌ ዓሣ ከነክሩ ቆርጦ ወሰደብኝ። ምንም አላሉም፤ በሁለተኛው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ሽቦ አስቀድመው አሰሩበት። ሰባት ይሁን ስምንት ጊዜ ወርውሬ ስስብ፣ ክሩ ቋጥኝ እንደያዘው ቀጥ አለ፤ ከዚያ ቋጥኙ መሄድ ጀመረ። እጄን በጨርቅ እንድጠቀልል ቀድመው ባያዝዙኝ ኖሮ ጣቶቼ ይተለተሉ ነበር። ወደ 4 ኪሎ የሚገመት ነጭ ዓሣ ነበር። ሌላ ልወረውር ስዘጋጅ ክሩን ከእጄ ተቀብለው በጠርሙሱ ላይ ጠቀለሉት። ‹‹ለሁለት ሰው ስንት ዓሣ ያስፈልጋል?›› አሉኝ።

ባለቤታቸው ዓሣውን በዘይት ጠብሰው፣ ደኩዋ ከሚሉት በለውዝና በሚጥሚጣ ከሚታሽ ማባያ ጋር አቀረቡልን። የቤተሰብ ዓምድ ተከታታይ የሆናችሁ እኅቶች፣ ይህን ማባያ ሞክሩት፤ ለውዙ ተቆልቶ ይደቆሳል፣ በሎሚ ይለወሳል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይከተፍበታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት እተወዋለሁ።

ከእራት በኋላ ሐጂ ስለ ግድቡ ጥርጊያ አወጉኝ። በሮቹ ሲከፈቱ ወደ ታች የሚወርደው ጭቃ ለዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ያሳጣዋል። ታፍኖ ወደ ዳር ይወጣል፤ ሕዝቡም በጆንያ ይሰበስበዋል። ጥርጊያው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ የነበረው ግድብ ከግማሽ በላይ አቅሙን በደለል አጥቷል። ሐጂ ግን በዚያን ቀን ወደ ወንዙ አይወርዱም። ‹‹ትንሹም ትልቁም አንድ ላይ ሲሞት ማየት አልወድም›› አሉ።

ይህን ሲናገሩ የ1991 ዓ.ም. በጋ ትዝ አለኝ። ለማንም ያልተናገርሁትን ለእርሳቸው ነገርሁ።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ወንዙ ጠባይ ጥቂት ልበል። ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር በሰኔ 1853 ዓ.ም. በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ በጊዜው ደርቆ፣ ዓሣውም አዞውም ጉማሬውም በተራራቁ ኩሬዎች ውስጥ ተጨናንቆ ዝናብ ይጠብቅ እንደነበር ጽፏል። አንድ ሌሊት ከሩቅ የነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ፤ ሰዎቹ ‹‹ወንዙ! ወንዙ!›› እያሉ ጮኹ፤ ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ፋንታ ሙሉ ወንዝ ይፈስ ነበር። ያ ወንዝ ወዲያው ዓሣ የሚኖረው ኩሬዎቹ ዘር ስላቆዩለት ነው። ዛሬ በተከዜም በላይኛው አትባራም ግድቦች ስለተሠሩ የወንዞቹ አወራረድ ተለውጧል። በ1991 ዓ.ም. ግን ሰቲት በበጋ ከሞላ ጎደል ያው የቤከር ወንዝ ነበር።

እኛ የሰፈርነው በሁመራ በኩል ከአንዱ ኩሬ አጠገብ ነው። የመጠጥ ውሃችንም ከዚያው ይቀዳ ነበር። በየማታው አንድ ሽማግሌ በክር አንድ ወይም ሁለት ዓሣ አጥምደው ይሄዱ ነበር። ወጣቶች ነበርን፤ ኮቾሮ ሰልችቶናል። አንድ ቀን አለቆቻችን በሌሉበት ከጓደኞቼ ጋር ተማክረን የእጅ ቦምብ ወረወርን። የወረወርሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጆንያ ሞላን፤ አብዛኛው ከጣት አይበልጥም። የማናውቀው ግን የሚበዛው የሞተ ዓሣ እንደማይንሳፈፍ ነበር፤ ፍንዳታው በሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት ይበጥሰዋልና ወደ ታች ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ኩሬው ሸተተ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ለመቅዳት በዚያ ሐሩር ሁለት ሰዓት ያህል መሄድ ነበረብን፤ ማንም ያለ ጥፋቱ ጀሪካን ተሸከመ። ሽማግሌው በዚያው ማታ መጥተው ውሃውን አዩ፤ ክራቸውን ሳይፈቱ ተመለሱ። አንድም ቃል አልተናገሩንም።

ሐጂ እስክጨርስ ድረስ አዳመጡኝ።

‹‹ኩሬው ሞላ? ክረምት ሲመጣ?››

‹‹ሞላ።››

‹‹ዓሣውስ?››

‹‹አላየሁም፣ ሐጂ። ከክረምቱ በፊት ተዛወርን።››

ራሳቸውን ነቀነቁና ሻይ ቀዱልኝ። ስለዚያ ጉዳይ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ጠዋት ስነሣ ቀለሙ የደረቀ አንድ የእንጨት ዓሣ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ በጠረፍ ፍተሻ ጊዜ የሰው እጅ እንዳይወጋ መንጠቆዎቹን ነቅለው ለብቻ ቋጥረዋቸዋል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሱዳን ጦርነት በካርቱም ከፈነዳ ወዲህ፣ ገዳሪፍና ከሰላ የብዙ ተፈናቃይ መጠጊያ ሆነዋል። ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ ተመልሷል። ስለ ሐጂ የሰማሁት ነገር የለም።

እኔና ባለቤቴ ጎንደር ነን። የጣና ውሃ ነጭ ዓሣ የለውም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ ላይ እንዳይወጣ ከልክሎታል፤ ነገር ግን ዓሣ የሚበሉ የጣና ዓሦች አሉ፤ ጎርጎራ ላይ የእንጨቱን ዓሣ አሳድደው ይይዛሉ። ቆርቹን እኔ እጠርባለሁ። ባለቤቴ በጥፍር ቀለም ዓይኑን ትስላለች፤ ከእኔ እጅ የእርሷ ይጸናል። መንጠቆውን ልጃችን ጭራሽ እንዳትነካ ነበር የወሰንነው፤ አሁን 11 ዓመት ሞልቷታልና በየመንጠቆው ጫፍ ቡሽ እየሰካች የምታስቀምጠው እርሷ ሆናለች። ባለፈው ወር የሠራነው ወደ ግራ ይሄዳል። ሳፋው ላይ ስትጎትተው አየችና፣ ‹‹አባባ፣ ቀለበቱን ወደ ቀኝ›› ብላ ፒንሳውን ከእጄ ወሰደች።